ጳጉሜን ለማያውቀው ሞዴል

ለደቡብ ሸለቆ የረግረጎችና የውሃ ጥራት ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዳይሬክተር
ሲያትል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮምፒውተሮችዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጉበትዎ ደኅና ነው? ሐመልማል እባላለሁ፤ የምኖረው እዚያው ሲያትል ኦቴሎ ሰፈር ሲሆን የምሠራው ታኮማ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። በአደባባይ የምጽፍልዎ በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ከአንዱ በቀር መልስ ስላጡ ብቻ አይደለም፤ እንደ እርስዎ ያለ ትሑት ሰው ምስጋናውን ለብቻው ተቀብሎ በመሳቢያ እንዳይደብቀው ብዬም ነው።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ኦቴሎ ድረስ መጥታችሁ በአዳራሹ ስለሰጣችሁን ገለጻ ከልብ አመሰግናለሁ። በኦበርን በኩል አዳዲስ መጋዘኖች እንደሚሠሩ፣ ከጣሪያቸውና ከመኪና ማቆሚያቸው የሚወርደው ጎርፍ ግን አንዳች ክፋት እንደማያደርስ፣ መሐል ላይ ያለው ረግረግ ደለሉን አስቀርቶ፣ ጎርፉ ይዞት የሚመጣውን ማዳበሪያም በሸምበቆው ሥር መጥጦ፣ ከግርጌው ላለችው ኩሬ ጥሩ ውሃ እንደሚሰጥ ባለሙያዎ የውሃውን ጥራት በኮምፒውተር በሚያሰላው ሞዴላችሁ አስልተው በቀለም ባሸበረቀ ካርታ አሳዩን። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ፣ ቀሲስ ተክለሃይማኖት፣ ተነሥተው ይህችን ኩሬ በየዓመቱ እንደሚባርኳት፣ ምእመናኑም እንደሚታጠቡባትና እንደሚጠጧት በአስተርጓሚ ሲናገሩ፣ ባለሙያዎ የማኅበረሰቡ ባህላዊ አጠቃቀም በሞዴሉ መካተቱን አረጋገጡልን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ምናልባት ያልተነገረዎት ካለ፣ እኛ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜ የምትባል አሥራ ሦስተኛ ወር አለችን። በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነውና እንታጠብበታለን። የሲያትል ሰማይ ዓመቱን ሙሉ ሲያረጥበን ከርሞ ልክ በዚያ ሳምንት ጠብታ ስለሚነሣን ደግሞ ወደ ኩሬዋ እንሄዳለን። ቅሬታ ለማቅረብ የሚያስደፍሩኝን ጥቂት ነጥቦች ከዚህ በታች አሰፍራለሁ።

፩ኛ. ሞዴልዎ ዓመቱን ደምሮ ለአሥራ ሁለት ወራት ያካፍላል። በብርዱ ወራት ረግረጉ የመጣለትን ሁሉ እንደሚያስቀር አልክድም። እዚህ በጋው በሚያበቃበት በነሐሴና በጳጉሜ ግን ውሃው ይጎድላል፣ ይሞቃል፣ አየር ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ጭቃው ሲያጠራቅም የከረመውን፣ ፎስፈረስ የሚባለውን የማዳበሪያ ንጥረ ነገር መልሶ ይለቀዋል፤ ኩሬዋም መርዛማ አረንጓዴ አልጌ ታበቅላለች። ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ከሪፖርትዎ መጨረሻ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ልጄ ሶሲ አንብባ ስትጨርስ፣ «ማሚ፣ ያውቁታል እኮ፤ ግን አቨሬጅ አድርገውታል» አለችኝ። መጥፎዎቹ ሳምንታት በደጎቹ ወራት መካከል ጠፍተው ቀሩ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ወደ ኩሬዋ የምንሄደው በአማካይ ሳይሆን በጳጉሜ ነው።

፪ኛ. ሞዴሉን ለማረጋገጥ ውሃ የቀዳችሁት በየካቲት ነው። በየካቲት ሲያትል ውስጥ ኩሬ የሚገባ ዳክዬ ብቻ ነው። ስለ ዳክዬዎቹ እናመሰግናለን።

፫ኛ. አክስቴ ወይዘሮ ሣህሊቱ ባለፈው ጳጉሜ አምስቱንም ቀን በባዶ ሆዳቸው ከኩሬዋ ጠጡ። አረንጓዴውን አላዩትም አልልም፤ አይተውታል። ነገር ግን በአዳራሹ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የሰሙትን ስላመኑ፣ «ረግረጉ አጥርቶታል ተብሏል» ብለው በነጠላቸው ጫፍ አጥልለው ጠጡት። መስቀል ሳይደርስ ዐይናቸው ቢጫ ሆነ። ሐኪሞቹ ምን ጠጥተው እንደነበር ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ጉበታቸው ተመርዞ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቀበርኳቸው። ዛሬም ከሥራ ስወጣ ልደውልላቸው ስልኬን አነሣለሁ፤ ከዚያ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ እናደዳለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ በላከልኝ ብቸኛ መልስ፣ ሞዴሉ አንድ ዋናተኛ ሳያስበው የሚውጠውን አንድ ጉንጭ ውሃ ብቻ እንደሚያሰላ፣ ውሃውን ፈቅዶ የሚጠጣ ሰው ይኖራል ብሎ እንደማይገምት፣ በዚህም ምክንያት ሟቿ ከሞዴሉ ግምት ውጪ መሆናቸውን፣ ጉበታቸውም ቀድሞውኑ ደካማ ሊሆን እንደሚችል ገልጾልኛል። አክስቴን ግትር ያላቸው ነበር፣ ምላሳቸውን የፈራም ነበር፤ ከግምት ውጪ ናቸው ያላቸው ግን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው ነው። የኀዘን መግለጫችሁም ከዚያው አንቀጽ ሥር በአንድ መስመር ደርሶኛል።

፬ኛ. በስልክ ስጠይቅ «ኮል ባክ እናደርጋለን» ተብዬአለሁ። እየጠበቅሁ ነው።

እነሆ ነሐሴ ተጋምሷል። ኩሬዋ ዳርና ዳሩን አረንጓዴ ለብሳለች፤ በድረ ገጻችሁ ላይ ግን ዛሬም «ንጹሕ» የሚለው ምልክት አለ። ቀሲስ ተክለሃይማኖት ዘንድሮ ሰው ይዘው እንዳይሄዱ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። እሳቸውም ስልካቸውን አውጥተው ያንኑ ምልክት አሳዩኝና፣ «መንግሥት ንጹሕ ነው እያለ እኔ ምን ብዬ ልከልክል፣ ልጄ?» አሉኝ። ግማሹ ምእመን አክስቴን የገደላቸው እርጅና ነው ይላል፤ ከእነዚህ መካከል ነፍሰ ጡሮች አሉ፣ ሕፃናት ያዘሉ አሉ። ስለዚህ የምለምንዎ ሞዴሉን እንዲያፈርሱ አይደለም፤ የደከሙበት ነው። ከጳጉሜ በፊት አንድ ሰው ልከው ውሃውን ያስመርምሩ፣ ያንን ምልክት ያንሡ፣ ከኩሬዋ ዳርም በአማርኛ «አትጠጡ» የሚል ሰሌዳ ያስተክሉ። ሰሌዳውን መጻፍ ከከበዳችሁ እኔ እጽፈዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜና ጤና ከነሙሉ ጉበቱ እንዲሰጥዎ፣ ጽሕፈት ቤትዎም በአማካይ ሲታይ የተሳካ ዓመት እንዲሆንለት እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ከግምት ውጪ የሆኑት የወይዘሮ ሣህሊቱ የወንድም ልጅ
ሐመልማል
ኦቴሎ፣ ሲያትል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሪፖርታችሁ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶግራፍ ባለሙያዎ ካቻምና በጳጉሜ ያነሡት ነው። ከውሃው ዳር በርከክ ያሉት አሮጊት አክስቴ ናቸው። ውሃውን የሚጠጣ ሰው ይኖራል ብላችሁ ገምታችሁ እንደማታውቁ ስለ ጻፋችሁልኝ፣ ጊዜ ሲያገኙ ፎቶውን ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ከኩሬዋ የቀዱበት ጠርሙስ አፋቸው ላይ ነው።