ዘግይቶ የሄደው የኢፍቱ ጥሪ

ሐሙስ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017፣ ጭሮ

የምጠግነው የክሊኒኩ ኮምፒውተር ፕሮግራም ስማቸው በ«I» የሚጀምር ታካሚዎችን በስልክ መልእክት ለቀጠሮ የማይጠራበት ምክንያት ዛሬ ጠዋት ገባኝ። ስሞችን ሲያመሳክር መጀመሪያ ትልልቁን ፊደል ወደ ትንሽ ይለውጣል። ኮምፒውተሩ ግን ያገለገለ ነው፤ ከቱርክ እንደመጣ በቱርክኛ ነው የሚሠራው። በቱርክኛ ደግሞ ትልቁ «I» ሲያንስ ነጥብ የለውም። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተጻፉት እንደ ኢብሳና ኢፍቱ ያሉ ታካሚዎች ከገዛ ስማቸው ጋር ሳይገጥሙ ቀርተዋል። የፊደል ለውጡን የሚሠራው የፕሮግራሙ ክፍል የኮምፒውተሩን ቋንቋ እንዳይከተል አድርጌ አስተካከልኩት። ሳይላኩ የተጠራቀሙት መልእክቶች ባንዴ ሄዱ። ደስ ብሎኝ ሻይ አዘዝኩ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከሚኤሶ መጡ። ስልክ ዘረጉልኝ። «ኢፍቱ፣ ቀጠሮሽ ስለደረሰ ወደ ክሊኒኩ ነይ» ይላል።

«ልጄ ናት» አሉ። «ስልኩም የሷ ነው። ከቀበርናት ቆየን።»

ቀጠሮዋን አየሁት። በሕይወት እያለች የነበረ ነው። ያኔ ደርሷት ቢሆን ኖሮ... እሳቸው ይህን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

«ይቅርታ እናቴ፣ ስሟን አጠፋዋለሁ፤ ሁለተኛ አይመጣም» አልኳቸው።

«ተወው፣ አታጥፋው» አሉ ቀስ ብለው። «ነይ ብላችኋታል አይደል? ልጠብቃት ነው የመጣሁት።»

ስወጣ በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰው ቦታ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከጎናቸው ግን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

ስሟን እስካሁን አላጠፋሁትም።