«ሂን ዱፋ»ን የበላው ጊታር

የካቲት 3፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ስድስተኛው ዘፈን አሁንም አልገጠመም። የገመቹ ራፕ ይሮጣል፣ የነጮቹ ጊታር ይንቀራፈፋል። ራፑን ሳዘገየው ሰካራም፣ ጊታሩን ሳፈጥነው ወፍጮ ቤት። ስማኝ ማስታወሻዬ፣ የጓደኛን የኦሮምኛ ራፕ ከአባት የድሮ ሮክ ካሴት ጋር ቀይጬ አልበም አወጣለሁ ያልኩት ምን ነክቶኝ ነው? አምቦ ውስጥ ስንት ሥራ እያለ!

የካቲት 4
አባባ ሰማው። ጊታሩ ላይ የሚለፈልፈው ማነው አለ። ገመቹ ደግሞ ድምፄ ላይ የሚያለቅሰው ምንድነው ብሎኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱንም አንቄ ልግደላቸው?

የካቲት 6፣ ጠዋት
ገጠመ! የገመቹ ስንኝ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆረጥኩ፤ ጊታሩ በረጅሙ «ዉዉዉ» እያለ ገባበት። ፀጉሬ ቆመ። አባባ እንኳ ዝም አለ፤ ለእሱ ዝምታ ጭብጨባ ነው። ለገመቹ ላክሁለት። ሳያዳምጥ ለሰው ሁሉ በተነው። ሰነፍ።

የካቲት 9
ከመ/ቤት ስወጣ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ የኔው ዘፈን። ደስታዬ እስከ ታክሲ መናኸሪያ ብቻ ቆየ። ገመቹ እዚያ ጠበቀኝ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ቦንቱ ስልክ ዘግታበታለች። ቦንቱ ባኮ ያለች ነርስ ናት፣ እጮኛው ልትሆን ምንም ያልቀራት። ስንኙ ለእሷ ነበር፦ «ገመቹን ሂን ዱፋ»፣ ገመቹ ይመጣል። ሽማግሌ ይዞ፣ አባቷ ዘንድ።
እኔ የቆረጥኩት የመጨረሻዋን «አ» ነው! ጊታሩ በ«ዉ» ሲገባበት «ሂን ዱፉ» ሆነ። አይመጣም! አንዲት ፊደል፣ አንድ ትዳር። ኦሮምኛን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ሰው፣ እንዴት አልሰማሁም? ጊታሩን ነበራ የምሰማው።

የካቲት 10
ቀኑን ሙሉ «አ»ዋን ልመልሳት ስታገል ዋልኩ። እሷ ስትገባ ጊታሩ ይሞታል። አባባ ጊታሩን ከነካሽ ካሴቶቼን መልሺ አለ። ገመቹ በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል፦ «ያ ኦቦሌቲ፣ አንቺው ያበላሸሽውን አስተካክይ!» እህቴ ማለቱ ነው። እህትነቴ ትዝ የሚለው ሲጨንቀው ብቻ! በመጨረሻ ጊታሩን ገደልኩት፣ «አ»ዋ ተመለሰች። አባባ እራቱን ለብቻው በላ።
ቦንቱ መልእክት አላነበበችም። ነገ አብረን ባኮ ሄደን በጆሮዋ እናሰማታለን ተባባልን።

የካቲት 11፣ ባኮ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ብቻዬን ነኝ። ገመቹ በጠዋት መናኸሪያ አልነበረም። ስደውልለት ሥራ ያዘኝ፣ ቅደሚ፣ በሚቀጥለው መኪና እደርሳለሁ አለ። ሙቀቱ አናቴን ሊበሳው ነው፤ በቆሎ በጫነ መኪና አቧራ ነጭ ሆኛለሁ።
ቦንቱ ከክሊኒኩ ወጥታ አንድ ጥግ ተቀመጥን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱ «ይመጣል» ነው ያለው አልኳት። ማዳመጫዬን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዲሱን እስከ መጨረሻው ሰማች። እኔ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ።
አልሳቀችም። ልዩነቱማ ያኔም ገብቶኝ ነበር አለች፤ የተቆረጠ መሆኑ ያስታውቃል። ግን ለፋሲካ እመጣለሁ አለ፣ ቀረ። ለመስቀል አለ፣ ቀረ። ለገና አባቷ በግ አርዶ ጎረቤት ጠርቶ ጠበቀው። ከዚያ በቀስታ ጠየቀችኝ፦ «ዛሬስ የታል?»
ደወልኩለት፣ አያነሳም።

11 ሰዓት
የመጨረሻው መኪና ከአምቦ ገባ። ሁሉም ወረዱ። ገመቹ የለም።
ተናድጃለሁ፣ ለእሷ ደግሞ አዝኛለሁ። አዲሱን ቅጂ አጠፋሁት። አልበሙ የሚወጣው በጊታሩ ነው፣ «ሂን ዱፉ» እንዳለ።