ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቀዳዳ

ማክሰኞ

ዛሬም አላዩትም፤ ተመስገን። ሕንፃውን የሚያድሱት ሠራተኞች ክፍተት ፍለጋ መኝታ ቤቱን፣ ሳሎኑን፣ መስኮቱን ሁሉ ፈትሸው ሄዱ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከኦሞው ጀርባ ያለውን ቀዳዳ ግን ማን አስቦት።

ድሮ የማሞቂያ ቱቦ ያልፍበት ነበር። አሁን የሚያልፍበት የጎረቤቴ የእትዬ በላይነሽ ድምፅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ማዶ "አለሽ?" ይላሉ። ተንበርክኬ "አለሁ፣ እትዬ። እርስዎስ?" እላለሁ። ከዚያ ወደ ሥራ፣ የሆቴል አንሶላ ሳጥብ ልውል። አማርኛ የማወራው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው። መግቢያችን ለየብቻ ነው፤ የሳቸው ጉልበት ደረጃ አይወርድም፣ እኔ ስመለስ ደግሞ ተኝተዋል። ስልክ ለመርዶ ነው ብለው አያነሱም።

ረቡዕ

ሕንፃችን ብርድ የሚከላከል ወፍራም ኢንሱሌሽን ለብሷል። በአዲሱ መስኮት የሆሎዌይ መንገድ አውቶቡስ ድምፅ እንኳ አይገባም። ታች በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፦ አየር የሚያሾልክ ቤት ካለ ለሙቀት ቆጣቢ ሕንፃ የሚሰጠው አረንጓዴ ሰርተፊኬት አይሰጥም። ነገ የእኔ ቤት ቴስት ነው። አንድ ቤት ከወደቀ ሕንፃው በሙሉ ይጠብቃል።

ቀዳዳውን በካልሲ ወተፍኩት። ሌባ የሆንኩ መሰለኝ።

ሐሙስ

ጉድ ፈላ! ቴስቱን ልትሠራ የመጣችው ሴትዮ በሬ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጠመች። የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስብ፣ ክፍተት ካለ በዚያ ነፋስ ይገባል አለችኝ። ገባ እንጂ! ካልሲው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ተከትሎት የእትዬ ቁሌት ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። "ምግብ እየሠራሽ ነው?" አለችኝ። ምድጃዬ አልተለኮሰም። ወዲያው እትዬ ራሳቸው "አንቺ! ምንድነው የሚነፍሰው?" ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ በድንጋጤ ዘለለች። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

ወደቅን። ነገ ይደፈናል።

ሴትዮዋ ስትሄድ ለእትዬ ነገርኳቸው። አይሆንም እንዲሉልኝ ፈልጌ ነበር። "ይድፈኑት እንጂ" አሉ። "ካንቺ ቤት በዚያ የሚመጣው ብርድ ስንት ክረምት ጉልበቴን ሲበላው የኖረ ነው።" በጣም ከፋኝ። ታዲያ ለምን እስካሁን አላስደፈኑትም አልኳቸው። "አንቺን በየት ልጥራሽ?" አሉኝ።

ዕቃ ማጠቢያው ሥር እንደተንበረከክሁ አለቀስኩ።

ዓርብ

ደፈኑት፤ ቀለምም ቀቡት። ድጋሚ ለኩ፣ አለፍን። ሴትዮዋ "ኮንግራጁሌሽንስ" ብላ እጄን ጨበጠችኝ። እትዬ አሁን ብርድ አይገባባቸውም። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ለራሴ ደጋግሜ እየነገርኩት ነው።

ቤቱ ሞቋል። ሹራቤን አውልቄ ተቀመጥኩ። የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ለማን "አለሁ" ልበል?

ቅዳሜ

በልማዴ ተንበርክኬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። "እትዬ!" አልኩ። ምንም። መደፈኑን እያወቅሁም ፈራሁ። አሮጊት ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው። በነጠላ ጫማ ወረድኩ፣ ሕንፃውን ዞርኩ፣ የእሳቸውን ደረጃ ወጣሁ። በራቸውን ከፋሲካ ወዲህ አላንኳኳሁም ነበር፤ አፈርኩ።

ለመክፈት ቆዩ። ድምፃቸው ጎርንኗል። "ጠዋት ስጠራሽ፣ ስጠራሽ! ምነው ዝም አልሽ? አንድ ነገር የሆንሽ መስሎኝ..."

ካፖርታቸውን ለብሰዋል። በአንድ እግራቸው ጫማ አድርገዋል፣ ሌላውን በእጃቸው ይዘዋል። በዚያ ጉልበት ደረጃውን ወርደው ወደ እኔ ሊመጡ ነበር።

"አለሁ፣ እትዬ" አልኩና ጫማውን ተቀበልኳቸው።