ኦቾሎ ላይ ያልጨረስኸው ቤት

ኤልያስዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔ አሁንም አርባ ምንጭ እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ልጃችን ማርታ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። በሒሳቡ አንተን ወጥታለች፣ በችኮላው ግን እኔን፤ ጌታ ይመስገን። ከጫሞ ዓሣ በመጣ ቁጥር እጄ ዛሬም ለሦስት ሰው ይገዛል።

ሥራህን ለሰው ማስረዳት እንደቸገረኝ ነው። ባልሽ ምን ነበር የሚሠራው ሲሉኝ፣ በአቶም መብራት ማመንጨት ለሚፈልጉ መንግሥታት ያዋጣቸው እንደሆነ አስልቶ የሚመክር ነበር እላለሁ። አብዛኞቹን ይቅርባችሁ ይላቸው እንደነበር ስጨምር ይስቃሉ፤ ያን ሁሉ ዓመት የተማረው ለዚህ ነው እንደማለት።

በትውልድ መንደርህ በኦቾሎ መሰብሰቢያ፣ ዱቡሻው ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ሥራህ የጠየቁህ ቀን ትዝ ይለኛል። እንደ አገሩ ወግ ተነሥተህ፣ አስቀድመህ መርቀህ ተናገርህ፤ ማንም አላቋረጠህም። የአቶም ጣቢያን የሚያከስረው መዘግየቱ ነው፣ ግንባታው በተጓተተ ቁጥር መብራቱ ሳይበራ የብድሩ ወለድ ይበላዋል አልህ። ታላቅ ወንድምህም ተራውን ጠብቆ ተነሣና መርቆ ሲያበቃ፣ ያንተስ ቤት መቼ ነው የሚያልቀው ብሎ ጠየቀህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም እየሳቅህ ለከርሞ አልህ።

ለከርሞ፣ ለከርሞ። አባያ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ከአባትህ ቦታ ላይ የመሠረቱን ድንጋይ ደረደርህ፣ ጥግ ላይ እንሰት ተከልህ፣ ከዚያ ለሰው አገር ጣቢያ ልትመክር ሄድህ። በተመለስህ ቁጥር ሌላ ጥሪ ይጠብቅህ ነበር። እኔም ከርሞ የሚቀር ነገር አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ልብህ በድንገት ቆመ። ይቆጨኛል ኤልያስዬ፤ አንድም ቀን እዚያ አብረን ሳንቀመጥ መቅረታችን ይቆጨኛል።

በመስከረም የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ በጋው ሳያልቅ ካልተሠራበት ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብሎ ላከብኝ። ወደ ኦቾሎ ወጣሁ። እንሰትህን አብቦ፣ ቅጠሉም ደርቆ አገኘሁት። እንሰት በጊዜው ካልተቆረጠ አበባው አሟጦ ይጨርሰዋል። የወንድምህ ሚስት ግንዱን ዳበሰችና አልፎበታል፣ ቆጮ አይወጣውም አለችኝ። እዚያው ከደረደርኸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። የቀብርህ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም።

በማግሥቱ ለቤቱ ቀርከሃ አስቆረጥሁ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ አንተ ካሰብኸው በጣም ታንሳለች፣ ግን አልቃለች። መስኮቷ ወደ አባያ ነው። ሊቀመንበሩም መጥቶ አይቶ፣ ቦታው የእናንተው ነው ብሎ ተመለሰ።

ማርታ ያንተ እንሰት በነበረበት ጥግ ሌላ ተክላለች። ሲደርስ ሳያብብ እንቆርጠዋለን፤ ቆጮውን መስኮቱ ሥር ተቀምጠን እንበላለን፣ ያንተን ድርሻ ለወንድምህ እንልካለን። ስምህንም ዛሬ እጠራዋለሁ፣ ነገም እጠራዋለሁ። አንተን ለከርሞ አላቆይህም።

ባለቤትህ