ከሳህን ጀርባ የወጣው ቼክ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ወንጀለኛ መሆኔን ሰማሁ። የስፌት መኪና ስገዛ እንደ አባቴ የማያቸው ሐጂ ገንዘብ አበድረውኝ፣ እኔም ሒሳቤ ውስጥ ምንም ሳይኖር ለመያዣ ቼክ ጽፌላቸው ነበር። «ባንክ አይሄድም፤ አማና ነው፤ በአደራ ይቀመጣል» ብለው ሐረር ጀጎል ያለው ቤታቸው፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሳህኖች ካንዱ ጀርባ ሸጎጡት።

ሰሞኑን ልጃቸውን ሊድሩ ነው። እንደ ልማዱ ለሰርጉ ቤቱ ቀለም ሊቀባ ሳህኖቹ ሲወርዱ ቼኩ ዱብ አለ። ባለቤታቸው ለሙሽሪት የሰጠሁት ስጦታ መስሏቸው፣ እየመረቁኝ ባንክ ወሰዱት። ባንኩ ስንቅ የለውም ብሎ መለሰው።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ኤረር በር ካለው ሱቄ ድረስ ላብ በላብ ሆነው መጡ።

«ወላሂ እኔ አልላክኋትም! ግን ጠበቃው የእህቴ ልጅ፣ ለመያዣም ቢሰጥ ደረቅ ቼክ ያሳስራል አለኝ።»

«ልታሰር ነው እንዴ ሐጂ?»

«እኔ እያለሁ? ዋስ ሆኜ አስፈታሃለሁ!»

«ከሳሽም ዋስም እርስዎ?»

«ታዲያ ሌላ ማን አለህ?»

እንባዬ መጣ። ሻይ አዘዝኩላቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ብቻ ዋስ ለምሆንበት፣ ለመያዣ የምትሆን አንዲት ቼክ ጻፍልኝ» አሉ።

ይሉኝታ ይዞኝ ጻፍኩላቸው።

«አትስጋ፤ እዚያው ከሳህኑ ጀርባ ናት» ብለውኝ ሄዱ።

ሐጂ ገና ያልተዳሩ ሌሎች ሁለት ሴቶች ልጆች እንዳሏቸው ትዝ ያለኝ አሁን ነው።