ነዚፍ ስለላከው ቀይ ጀልባ

ይድረስ ሻርጃ ለሚኖረው ወንድሜ ለነዚፍ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሚስኪ ደህና ናት? ልጆቻችሁስ እንዴት ከረሙ? የሻርጃ ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይ? እማ ከጎኔ ተቀምጣ ነው የምታስጽፈኝ። "ወገቡን ያመው ነበር፣ እሱን ጠይቂልኝ፤ ዱዓ እንደማደርግለት፣ እንዳይከፋው ጻፊለት" ብላኛለች፤ ጽፌያለሁ። እስከዚህ ያለው ሰላምታ የእሷ ነው። ከዚህ በታች ያለው የኔ፣ የእህትህ የመስቱራ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ጋሼ እያልኩ፣ በአንቱታ ስጽፍልህ ኖሬያለሁ። ዛሬ አንተ ያልኩህ እጄ ስቶ አይደለም። እማ ጋ ደውለህ "ልጅሽን ለዚህ ያበቃው ቶኩማ ነው፣ ሞተሩን አበላሽቶ ነው የሰጠው" ማለትህን ሰምቻለሁ። ለአጎታችንም ሌላ ነገር ነግረኸዋል። ለያንዳንዱ ሰው ሌላ ሌላ እየነገርክ ስለሆነ፣ እኔ ቆሜ ያየሁትን ከመጀመሪያው ልጻፍልህ።

ከኡካ ከተማ ወዲያ ያለው ወንዝ ክረምት ሲሞላ ማዶና ማዶ እንደሚቆራርጥ አንተም ታውቃለህ። ባለፈው ክረምት፣ ቡናውን ለእኛ የሚያስረክበው የደበሳ ሚስት ምጥ ይዟት ውሃው ዳር አደረች። በሱ ግንድ ታንኳ ሊያሻግሯት ፈሩ። ውሃው ጎደል ሲል መቱ ሆስፒታል ደረሰች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። ጀልባ የለመንህ ለዚህ ነበር። ሰው የሚያስተኛ፣ ሆዱ ሰፊ ጀልባ ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ፈጣን ይሁን ያለህ ሰው የለም።

የሁለት ጀልባ ፎቶ ላክህ። አንዱ ግራጫ፣ ሰፊ፣ ጎኑ የተጨረማመተ። ሌላው ቀይ፣ ቀጭን፣ እንደ ቅጠል የሳሳ። እኔ ግራጫውን አልኩ። ታናሻችን መህዲም ግራጫውን አለ። አንተ ግን "የዓሣ አጥማጅ ቅራቅንቦ ልኬ አልሰደብም" ብለህ ቀዩን መረጥክ። በምትሠራበት ቦታ የውድድር ጀልባ ስታጥብ እንደምትውል፣ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለህ እንድትነዳው እንዳልተፈቀደልህ ሚስኪ ነግራኛለች። አላፌዝብህም፤ ሥራ ሥራ ነው። ነገር ግን እዚያ የተከለከልከውን እዚህ በእኛ ወንዝ፣ በእኛ ልጅ ልትወጣው ፈለግህ። ይህን እኔ ይቅር የምለው ነገር አይደለም።

ጀልባው በአይሱዙ ላይ ታስሮ መቱ ሲገባ የባጃጅ ተራው በሙሉ ሥራ ፈትቶ አጀበው። ጎኑ ላይ ስምህ በነጭ ቀለም ተጽፏል። እማ ዞር ዞር ብላ አየችውና "የቀረውስ መቼ ይመጣል?" አለች። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም ተንበርክኮ የሚነዳው ነገር መሆኑን ሁሉም አየ። ደበሳ ከማዶ ድረስ መጥቶ ነበር። ጀልባውን ዳበሰው፣ እኔን አየኝ፣ ተመልሶ ሄደ። እኔ ዓይኑን የማይበት ፊት አጣሁ።

የሆነ ሆኖ መጥቷል፣ ይሞከር ተባለ። ሞተሩን ከኋላ የገጠመው ቶኩማ ነው፤ የባጃጅና የቡና መፈልፈያ ሞተር የሚጠግነው፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ጎረቤታችን የሆነው ቶኩማ። እሱም እንደ መህዲ ጓጉቶ ነበር፤ አልደብቅህም። ግን "እኔ የማውቀው መሬት ነው፣ ውሃ አላውቅም፤ ስለዚህ ቀስ እያልን ነው የምናየው" አለ። ሞተሩን ዝቅ አድርጎ አሰረ። መህዲን ወደ ፊት አስጠጋው። የላክኸው ዕቃ ውስጥ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ስላልነበረ የተነፋ የባጃጅ ካላማዳሪያ፣ የውስጠኛውን ጎማ፣ ደረቱ ላይ ጠፍሮ አሰረለት።

ወንዙ ቀጥ ብሎ በሚተኛበት ቦታ ነበር የሞከሩት። ሲነሳ ኋላው ሰጠመና ውሃ ሊገባበት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ቀና አለ። የውሃውን ፊት ብቻ እየነካ ሄደ። ወላሂ ያምር ነበር። መህዲ ዞሮ ሲመለስ እየሳቀ ነበር፤ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ። ቶኩማ "ነፋስ ተነስቷል፣ ለዛሬ ይበቃል፤ ነገ ጠዋት ውሃው ሲረጋ እንደገና እናየዋለን" ብሎ ቤንዚን ሊያመጣ ወደ ኡካ ወጣ።

አንተ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስልኬ ላይ ነበርክ። በቪዲዮ ታያለህ፣ እኔ ይዤልሃለሁ። ቶኩማ ከዓይን ሲርቅ "ምን ጭነህበት ነው እንዲህ የሚያዘግመው?" አልከው መህዲን። ሞተሩን ከፍ አድርጎ እንዲያስረው፣ ወደ ኋላ እንዲቀመጥ፣ ፍጥነቱን በራሱ ስልክ እንዲለካ፣ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው እንዲሰጠው አዘዝከው። እኔ "ቶኩማ ይመለስ" አልኩ። አንተ "ሴት በሞተር ነገር አታስገባ" አልከው፤ እኔ በያዝኩት ስልክ። ቀጥለህም "ቪዲዮው ካማረ አለቃዬ ነጂ አድርጎ ያስመጣሃል" አልከው። ልጁ መሄድ እንደሚፈልግ፣ ሌሊት ስለዚያ ብቻ እንደሚያስብ ታውቅ ነበር። የነካኸው እዚያ የሚያመው ቦታ ላይ ነው። መህዲ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ መፍቻውን አነሳ። ስልኩን ውሃ ውስጥ ባለመወርወሬ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

ወንዙ መሃል ሲደርስ የጀልባው አፍንጫ ተነሳ። ነፋሱ ከሥሩ ገባ። አውሎ ነፋስ እንደገነጠለው ቆርቆሮ ጀርባውን ሰጥቶ ተገለበጠ፤ ሲወርድ መህዲን ፊቱን መታው። ጮኽኩ። ከማዶ ደበሳ ታንኳውን ሲገፋ አየሁት፤ ሚስቱን ለማሻገር የፈራውን ያንኑ ታንኳ። ካላማዳሪያው መህዲን አንሳፎት ስለነበር ደርሶ በክንዱ ያዘው።

ያን ጊዜ ከእኔ ስልክ ድምፅህ መጣ። መህዲ በደም ተለውሶ ውሃ ላይ ተጋድሞ፣ እኔ እየጮኽኩ፣ አንተ "ስንት ደረሰ? ስልኩ ላይ ስንት አሳየ?" አልከኝ።

መጀመሪያ የጠየቅከው ይህን ነው ነዚፍ። በሕይወት አለ ወይ አላልክም። አልሰማሁም ነበር፣ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ነበር ብለህ ለሚስኪ ነግረሃታል አሉ። አልተቆራረጠም። ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው።

መህዲ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። መንጋጋውን በሽቦ አስረውታል። አጥሚት በቀጭን ቱቦ ነው የሚጠጣው፤ መናገር አይችልም። እሱ መናገር ባለመቻሉ ነው አንተ በቶኩማ ላይ ልብ አግኝተህ የተናገርከው። ወሬህ ከሻርጃ መቱ፣ ከመቱ ጎሬ ለመድረስ አልዘገየም። ሰዎች ባጃጃቸውን ከቶኩማ ደጅ እየገፉ ሲወስዱ አየሁ። ሰላምታ የነሡትም አሉ።

ስለዚህ በአገር ሽማግሌው በኦቦ ኢቲቻ ቤት ሽምግልና እንዲቀመጥ ያስደረግሁት እኔ ነኝ። እማም ነበረች። ቶኩማ ራሱን ለመከላከል አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ "ትቼው መሄድ አልነበረብኝም" ብቻ አለ። እኔ ተነስቼ ይህን አሁን የጻፍኩልህን በሙሉ፣ ስንት ደረሰ ያልከውን ጭምር ተናገርኩ። የእናትህን ፊት ብታየው ኖሮ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ቶኩማ ፊት ቆመች፣ በኦሮምኛ ይቅርታ ለመነችው። "በልጄ አፍ የወጣው ከኔ ቤት የወጣ ነው" አለችው። ቶኩማ ከመቀመጫው ዘሎ እጇን ያዘ። እሷን እንዲህ ያቆማት የበኩር ልጇ ነው። ቤት ስንገባ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ ደግሞ "ለነዚፍ ሰላምታ ጻፊልኝ" አለች። እናት ናት።

ጀልባው ይቀመጥልኝ፣ ሞተሩም እንዳይነካ፣ ለዓረፋ መጥቼ እኔው ራሴ እሞክረዋለሁ ብለህ ልከሃል። የጀልባው ቅርፊት ሆዱ ተሰንጥቆ ጓሮ ተደፍቷል፤ ስምህ ያለበት ጎን ወደ ታች ነው። ሞተሩን ግን ነክተነዋል። ጎሬ ያለው አናጺ ወልደ ማርያም ሰፊ የሳንቃ ጀልባ ሠራልን፣ ቶኩማና ደበሳ ሞተሩን ገጠሙበት። ስንሞክረው እኔ ከቡና ጆንያ ጋር ተቀምጬ ነበር። በዳር የሚሄድ እግረኛ ይቀድመዋል። የአንድ ሽማግሌን የታመመ እግር ግን ሳያንገላታ አሻግሯል። ዕቃዬ ነው የምትል ከሆነ ናና ከደበሳ እጅ ፍታው።

ለዓረፋ ከመጣህም በሩ የእማ ስለሆነ አልዘጋብህም። ግን ቤት ሳትገባ በፊት ቶኩማ ደጅ ትሄዳለህ፣ ሰው እያየ ያልከውን ታነሳለህ። ያን እስክታደርግ ስልኬ ላይ አትደውል፤ አላነሳም።

ለሚስኪ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በእሷ ቅሬታ የለኝም። ልጆቹን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰፍዋን ሰላም ብሎሃል፤ ምን ጊዜም ሰላም የሚል ሰው ነው። ልጄ ኑሃ ለልጆችህ ሰላም ብላለች። ደበሳ ለጤናህ ፈጣሪን ለምኗል፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም። ቶኩማን አልጠየቅሁትም።

መህዲን ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። ደብዳቤ ልጽፍ ነው፣ ለነዚፍ ሰላም ብሏል ልበል ወይ? ከሆነ ጭንቅላትህን ነቅንቅ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የጠያቂ ሰዓት እስኪያልቅ አልጋው ዳር ተቀምጬ ጠበቅሁት፤ ፊቱን ወደ እኔ አልመለሰም።

እህትህ መስቱራ
መቱ፣ ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.