የቁጥር አሥራ አራት ጸሐፊ፣ እትዬ ደወል

ሁላችንም እትዬ ደወል እያልን የምንጠራቸው እኅታችን፣ እናታችንና ጎረቤታችን፣ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት አንድ ክፍል ነበረች፤ ከፊቷ የአባታቸው ሞረድና ጠረጴዛ፣ ከኋላዋ አንሶላ የሚሰጣበት ገመድ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በሠፈራቸው ትምህርት ቤት ተማሩ። ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር። እንዲህ ባለው ጽሑፍ ላይ “ታናሽ ወንድማቸው ይማር ዘንድ ትምህርታቸውን በፈቃዳቸው አቋረጡ” ማለት የተለመደ ነው። ውሸት ነው። ፈቃዳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ወንድማቸው ተማረ፣ እርሳቸው ታይፕ ማስተማሪያ ገቡ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ዐይናቸው በመሐረብ ታስሮ አንድ ገጽ ያለ ስሕተት መትተው ዲፕሎማ ተቀበሉ።

በ1962 ዓ.ም. በፍርድ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥረው ሠላሳ ሰባት ዓመት አገለገሉ። ዳኛ ውሳኔ ሲያስጽፍ ትንፋሽ የለውም፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ገጽ ይሄዳል። የጽሕፈት መኪናው ደወል መስመሩ አለቀ ብሎ ሲያቃጭል፣ እትዬ እጃቸውን ከቁልፎቹ አንሥተው “ጌታዬ፣ እዚህ ላይ አራት ነጥብ ብናደርግስ?” ይሉ ነበር። ዳኛው አንዳንዴ ይቆጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ደወል የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያ ነው። በእርሳቸው እጅ ባለፈ ውሳኔ የተረታ ሰው ቢያንስ ለምን እንደተረታ ይገባው ነበር። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው።

በ1968 ዓ.ም. የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው በ1971 ዓ.ም. ዛሬ ነርስ የሆነችውን አንዲት ልጃቸውን ወለዱ። ባለቤታቸው “እኔ ያለ ትኬት የገባን አወርዳለሁ፣ እሷ ያለ ምክንያት የገባን ቃል ታወርዳለች” ይሉ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በሞት ተለዩአቸው።

በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ቢሮው ወደ ኮምፒውተር ዞሮ ነበርና፣ መጋዘን ሊጣል የነበረውን የጽሕፈት መኪናቸውን ሰጥተው ሸኟቸው። ከፊት ክፍላቸው መስኮት ሥር አኖሩት።

የሠፈሩ ንባብ ቤት የሠላሳ ቀን የጽሑፍ ውድድር የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። ደራሲ መሆን የሚመኝ ሁሉ ለሠላሳ ቀን በየቀኑ ሁለት ሁለት ገጽ ይጽፋል። ስም አይጻፍበትም፣ ቁጥር ብቻ፤ ስሙ በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል። የእጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅም በታይፕ ተመትቶ ይቀርባል። አምስት ገምጋሚዎች ይመርጣሉ፣ በመዝጊያው ቅዳሜ ከሰዓት አሸናፊዎቹ በአዳራሹ ያነባሉ። ደንቡን ያወጡት ገምጋሚዎቹ ናቸው፤ ይህ ልብ ይባል። በሠፈሩ ፊደል ሳይበላ የሚመታ የታመነ እጅ የእትዬ ብቻ ስለነበር፣ የፀጉር አስተካካዩም፣ የፋርማሲስቷም፣ የጡረተኛው ፍሬን ጠጋኝም ደብተር በዚያ መስኮት ገባ።

በመጀመሪያው ዓመት የፊደል ግድፈት ብቻ አረሙ። በሁለተኛው የተደጋገመውን አወጡ። በአራተኛው የመጀመሪያውን ገጽ ሙሉ በሙሉ መቁረጥ ጀመሩ፤ “እሱ ጉሮሮ መጥረጊያ ነው፣ ታሪኩ ከሁለተኛው ይጀምራል” ይሏት ነበር ልጃቸውን። ወለም ያለው ቦታ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርጋሉ። ከዚያ ደብተሩንና የተመታውን አንድ ላይ አድርገው ለባለቤቱ ይመልሳሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስተያየ አንድም ሰው አልነበረም። ሰው አምሮ የወጣ ፎቶግራፉን ሲያይ “እኔ ነኝ” ይላል እንጂ “ማን አሳመረኝ?” አይልም። ገምጋሚዎቹም በየዓመቱ “የተወዳዳሪዎቻችን ደረጃ እያደገ ነው” ብለው ተጨበጨበላቸው። አምስት መድበልም አሳተሙ።

ትክክል ሠርተዋል ወይ? አልሠሩም። ሳያስፈቅዱ የሰው ቃል መንካት ጥፋት ነው፣ ቤተሰቡ አይክድም። ነገር ግን የገዛ ጽሑፉን መልሶ ያላነበበ ደራሲና በሠላሳ ሰው ሥራ ውስጥ የአንድ ሰው እጅ ያልታየው ገምጋሚ ጥፋቱን ጠቅልለው ለአንዲት ታይፒስት ማሸከም አይችሉም።

በ2009 ዓ.ም.፣ በስድሳ አምስት ዓመታቸው፣ ራሳቸው ተወዳደሩ። በፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ሃያ ዓመት ቀጠሮ ስትጠብቅ ኖራ፣ በተፈረደላት ቀን የተከራከረችበት ነገር ምን እንደነበር የጠፋባትን ሴት ታሪክ ስድሳ ገጽ ጻፉ። የሁሉንም መትተው ከጨረሱ በኋላ የራሳቸውን መቱ። ቁጥሩ አሥራ አራት ነበር።

በመዝጊያው ቅዳሜ፣ ቀድሞ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ የነበሩት የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ መድረክ ላይ ወጥተው “ቁጥር አሥራ አራት ከአምስቱ መድበሎቻችን የተለቃቀመ ነው” አሉ። አሥራ አንድ ቦታ ቆጠሩ፤ ይህ የፀጉር አስተካካዩ አነጋገር፣ ይህ የፋርማሲስቷ አጀማመር፣ ይህ የፍሬን ጠጋኙ አጨራረስ። ፖስታውን በሕዝብ ፊት ቀድደው ስሙን አነበቡ።

ፀጉር አስተካካዩ ከሁለተኛው ረድፍ “እትዬ፣ ምነው? ቢጠይቁኝ እሰጥዎት ነበር እኮ” አለ። በፍቅር ነው ያለው። አዳራሹ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ክፉ ቢሆን በቀለለ።

እትዬ ተነሡ።

“አላውቅም” አሉና ተቀመጡ።

አዳራሹ ይህን እንደ እምነት ቃል ወሰደው። “አላውቅም” ማለት “ሰርቄያለሁ” ማለት የሆነው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ፣ ታናሽ ወንድማቸው ለገምጋሚዎቹ ሦስት ደብዳቤ ጽፎ ጠይቋል። መልስ አላገኘም።

ቤት ሲገቡ ልጃቸው “እማዬ፣ ለምን የኔ ነው አላልሽም?” አለቻቸው።

“የትኛው?”

“ሁሉም ነዋ!”

“አንቺ ልጅ፣ ዕድሜ ልኬን የሰው እህል ስፈጭ ኖሬ፣ ቀሚሴ ላይ ያለው ዱቄት የማን እንደሆነ በምን ልለየው? ሌባ ቢሉኝ እችለዋለሁ። ሌባ ልሁን አልሁን አለማወቄ ነው ያቃተኝ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለጉት ይህን ብቻ ነበር፤ ማወቅ። በአሥራ አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ጠዋት ስድስቱ የእርሳቸው ይሆናሉ፣ ከሰዓት አራቱ፣ በማግሥቱ ዘጠኙ። ነገሩን የሚፈታው በእጅ የተጻፈው ደብተር ብቻ ነበር፤ ደብተሮቹ ደግሞ በየባለቤቶቻቸው ቤት ናቸው።

ልጃቸው ከሥራ ስትወጣ በየበሩ ዞረች። ፋርማሲስቷ “ቤት ስንቀይር ጠፋ” አለቻት፤ ሃያ ዓመት ከዚያው ቤት ንቅንቅ ያላለች ሴት ናት። ሌሎች ሲያዩአት መንገድ ቀየሩ። እንደ ሰው ያናገሯት ፍሬን ጠጋኙ ናቸው።

“ልጄ፣ ደብተሩስ አለ። ግን አልሰጥሽም” አሏት። “በሕይወቴ አንድ ደግ ነገር ጽፌያለሁ ብዬ ነው የምተኛው። የኔ አለመሆኑን ካወቅሁ ምን ይቀረኛል?”

ልጃቸው ይህን ስትነግራቸው እትዬ “እውነታቸውን ነው፣ ተያቸው” አሉ።

የ2010 ዓ.ም. ውድድር ያለ እርሳቸው እጅ ተካሄደ፣ ጽሑፉም በኮምፒውተር ቤት ተመታ። ሰብሳቢው ከመድረክ ላይ “የዘንድሮው ደረጃ ክፉኛ ወርዷል፣ ጥፋቱ የስልክ ነው” ብለው ወጣቶቹን ገሠጹ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ይህን ያህል የተማረ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ አንድ እጅ ሲቀር ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ መጻፍ ለምን እንዳቃተው የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ነው።

በመጋቢት ወር አንድ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ የሦስት ዓመት ደብተር በፌስታል ይዞ መጣ።

“እትዬ፣ የዘንድሮውን ጽሑፌን አነበብኩት። ይሄ ሰው ማነው አልኩ። ከዚያ የድሮውን አነበብኩ፣ ያንንም አላወቅሁት። እኔ መሃል ቤት ጠፋሁ” አላቸው።

“ግባ፣ አብረን እንጠፋለን” አሉት።

ሦስት ከሰዓት ተቀመጡ። እርሳቸው ከመድበሉ ያነባሉ፣ እሱ በደብተሩ ላይ ጣቱን እያስሄደ ይፈልጋል። ከአሥራ አንዱ አምስቱ የእሱ ናቸው የተባሉ ነበሩ። እዚህ ላይ፣ ይህ ጽሑፍ ሲጀመር የእትዬን ንጽሕና ሊመሰክር እንደነበር መሰወር አይገባም። ደብተሩ ግን እንዲህ አለ። እትዬ “ይህቺ ያለ ጥርጥር የኔ ናት” ያሏት፣ ሊምሉባት የተዘጋጁት ዓረፍተ ነገር በፀጉር አስተካካዩ እጅ፣ በሰማያዊ ብዕር፣ ከነስርዙ ተጽፋ ተገኘች። ሁለተኛም እንዲሁ። ፀጉር አስተካካዩ በተራው ለሰባት ዓመት ለደንበኞቹ እየደጋገመ የሚያወራት፣ በልጁ የልደት ካርድ ላይ ሳይቀር የጻፋት ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ውስጥ የለችም። አራተኛዋም የለችም። አምስተኛዋ ግማሿ የእሱ፣ ግማሿ የእርሳቸው ሆነች፤ ግማሿ ብቻዋን ደግሞ ትርጉም አልሰጠችም።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። “እንግዲያው ሁለቱን ወስጄብሃለሁ። ይቅር በለኝ” አሉት።

“ይቅር አልኩ። የርስዎን ሁለቱን እኔ ለማን ልመልስ? የስንቱን ሰው ራስ እያስተካከልኩ የኔ ነው ብያለሁ?”

“ግማሿንስ?”

“ግማሿን እንተዋት እትዬ።”

በሩ ላይ ቆማ ትሰማ የነበረችው ልጃቸው፣ ቀጥሎ የሰማችው ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልለየችውም።

በ2011 ዓ.ም. መዝጊያ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ደብተሮቹን ይዞ መድረክ ላይ ወጣና ያገኙትን አንድ በአንድ ተናገረ፤ የእርሳቸውን ሁለት፣ የራሱን ሁለት፣ ግማሿንም። ነገሩ ሲወጣ ስሙ የሚጎዳው የራሱ ነበር። ከሠፈሩ ደራሲ ሁሉ ይህን የደፈረው እሱ ብቻ ነው። ገምጋሚዎቹ ተያዩ። አሸናፊው ማን እንደነበር፣ ሌባው ማን እንደሆነ፣ መድበሎቹ ላይ የማን ስም መቀመጥ እንዳለበት ግራ ገባቸውና ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ የእትዬ ቀኝ እጅ መደንዘዝ ጀመረ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሁለተኛ ጊዜ ደም ፈስሶ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ልጃቸው በምትሠራበት ሆስፒታል ዐረፉ።

ከማረፋቸው ሳምንት በፊት ይህን የሕይወት ታሪክ አስበው ልጃቸውን አንድ ነገር አስጽፈዋታል፤ በሕይወታቸው ሌላ ሰው ሲያስጽፉ የመጀመሪያቸው ነው። “‘ንጹሕ ነበሩ፣ በግፍ ተከሰሱ’ ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ። አጎትሽ ያንን መጻፉ አይቀርም፣ ደርሰሽ አስቁሚው። አምስቱን ዐውቄያለሁ። ስድስቱን አላወቅሁም። ያላወቅሁትን ዐወቀች አትበሉ።”

ልጃቸው ደርሳ አስቆመችው። ስለዚህ ቤተሰቡ ዛሬ ንጹሕ ነበሩ አይልም። አላወቁም ይላል። አላውቅም ብለው መቆም የቻሉ፣ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ እስከ መጨረሻው በር ያስንኳኩ ሴት ነበሩ ይላል። ደብተር ያላችሁ እዚህ ከቆማችሁት መካከል አላችሁ፤ ቤተሰቡም ያውቃችኋል። የሚጠይቃችሁ የለም። ፍሬን ጠጋኙ እንዳሉት የሚቀራችሁ ነገር ያሳስባችሁ ይሆናል። ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ በኋላ ምን እንደቀረው ዐይታችሁ ፍረዱ፤ ዘንድሮም ተወዳድሯል፣ አላሸነፈም፣ እያንዳንዷን መስመር ግን የኔ ናት ይላል።

እትዬ ደወል ከአንዲት ልጃቸው፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ከታናሽ ወንድማቸው ሌላ፣ ባለቤታቸው ያልተለየ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ትተው አልፈዋል። ከሰው ደብተር ያልተገኘውን የሚያነብ፣ የማን ቃል የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ እርሳቸው ሊያውቁት የፈለጉትንም ይንገራቸው። ለእኛም ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን።